እጅህን ከኪስህ አውጣ

ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሲያወራለት የኖረው ፊልም ቅዳሜ ጠዋት ሳሎን ውስጥ ሲያልቅ፣ ሚስቱ የምትሠራውን ሹራብ ጭኗ ላይ አስቀምጣ «ይኸው ነው?» አለችው።

ጥርስ ሠሪው ዓይኑን ከፊልሙ አልነቀለም። ቴሌቪዥኑ ላይ የተዋንያኑ ስም ከታች ወደ ላይ ይወጣል። ሙዚቃው እሱ የሚያውቀው ሙዚቃ ነው፤ ዝናቡም፣ በሩም፣ ጆሮ ትልቁ ሰውዬም እሱ የሚያውቃቸው ናቸው። ሴት ልጁ ይህን ፊልም ለማግኘት ሦስት ወር ፈጅቶባታል። አባቷ ርዕሱን አያውቅም፣ የመጣበትን አገር አያውቅም፣ የተዋናዩን ስም አያውቅም፤ የሚያውቀው «ጆሮው ትልቅ ነው፣ የፊት ጥርሶቹ መሃል ክፍተት አለ፣ መጨረሻ ላይ ይዘንባል» የሚለውን ብቻ ነው። ይህንኑ በስልኳ የድሮ ፊልም ለሚያፈላልጉ ሰዎች ጻፈችላቸው፤ እነሱም አርባ አንድ የተሳሳተ ፊልም ከላኩላት በኋላ አርባ ሁለተኛውን ላኩላት። ንግግሩ ከሥዕሉ ሥር ተተርጉሞ የተጻፈበት ነው። አባቷ በደስታ ሸሚዝ ቀይሮ ነበር ፊልሙ ፊት የተቀመጠው።

እሱ በወጣትነቱ በቪዲዮ ቤት ሲያየው የወንድማማቾች ታሪክ ነበር። ታላቅና ታናሽ ተጣልተው ለዓመታት ሳይነጋገሩ ይኖሩና መጨረሻ ላይ ታላቁ ዝናብ እየወረደበት ታናሹ በር ላይ ይቆማል። ታናሹ በሩን ይከፍታል፤ እጁን ከኪሱ አያወጣም። ያኔ ጆሮ ትልቁ ታላቅ ወንድም ዝግ ባለ ድምፅ «ልጠይቅህ አልመጣሁም። ልቆጥርህ ነው የመጣሁት። ብቆጥር ብቆጥር አንድ ነህ» ይለዋል። ታናሹ ቀስ ብሎ እጁን ከኪሱ ያወጣል። ያልቃል። ዛሬ ግን ከሥዕሉ ሥር የተጻፈው ሌላ ነው። ጆሮ ትልቁ መርማሪ ፖሊስ ነው። በሩን የከፈተው ሰውዬ ጎረቤቱን በመጋረጃ ገመድ አንቆ የገደለ ነው። ያ ዝግ ባለ ድምፅ የተባለው ነገር ደግሞ፣ ልጁ መነጽር ላላደረገችው እናቷ ጮክ ብላ እንዳነበበችላት፣ «እጅህን ከኪስህ አውጣ» ነው።

«ጎበዝ ፖሊስ ነው» አለች ሚስቱ ሹራቧን መልሳ እያነሳች። «ቢላ ይዞ ቢሆንስ?»

ሚስቱና ልጁ የማያውቁት ነገር አለ። ያቺን «ልቆጥርህ ነው» የምትል ንግግር ጥርስ ሠሪው ለማንም ነግሮ አያውቅም። ፊልሙን ሲያወራ እዚያ ሲደርስ «መጨረሻውን ብታዩት!» ብሎ እጁን ያወናጭፋል እንጂ ቃሏን ከአፉ አያወጣትም። ምክንያቱ ታናሽ ወንድሙ ነው። ታናሹ ሚስት ሊያገባ ማዘጋጃ ቤት ለስምንት ሰዓት ሲቀጠር፣ ምስክር ሆኖ የሚፈርመው ታላቁ ነበር። ታላቁ በስድስት ሰዓት ሲኒማ ገባ። ሰዓት ተኩል ይፈጃል ብሎ ነበር፤ ፊልሙ ሦስት ሰዓት ሆነ። መሃል ላይ መውጣት ይችል ነበር፤ አልወጣም። ይህን ለራሱም ዋሽቶ አያውቅም፤ አንዲት ተዋናይት ደረጃ ላይ ቆማ ጓንቷን ጣት በጣት እያወለቀች ስለነበር ነው ያልወጣው። ሲደርስ በምስክርነት የግቢው ጥበቃ ፈርሞ ሙሽሮቹ ሄደዋል። እስከ ዛሬ በታናሹ የጋብቻ ወረቀት ላይ ያለው የጥበቃው ፊርማ ነው። ወንድማማቾቹ አራት ዓመት አልተነጋገሩም። በአራተኛው ዓመት ጥርስ ሠሪው የጆሮ ትልቁን ፊልም አይቶ፣ ከቪዲዮ ቤቱ እንደወጣ በዚያው በዝናብ ሄዶ፣ የታናሹን በር አንኳኩቶ ያቺን ቃል አንድም ፊደል ሳይጥል ተናገራት። ታናሹ አስገባው። ከዚያ ወዲህ ክፉ ተነጋግረው አያውቁም። ነገር ግን ታናሹ ሲኒማ የሚባል ስም ሲነሳ ፊቱ ስለሚለዋወጥ፣ ዕርቁም ከፊልም የተወሰደ መሆኑን ታላቁ ሊነግረው አልደፈረም። ሠላሳ አራት ዓመት የሌላ ሰው ቃል ሰርቄ ታረቅሁ እያለ ሲጨነቅ ኖረ። አሁን ደግሞ ቃሉን የተሰረቀው ሰውም የለም።

ኮቱን አነሳ። «ዳቦ ላምጣ» አለ።

«ዳቦ አለ» አለች ሚስቱ።

«ሌላ ዳቦ» ብሎ ወጣ።

የድሮው ቪዲዮ ቤት በእግር አርባ ደቂቃ ነው። በመንገዱ ላይ የሚወዳቸውን ፊልሞች አንድ በአንድ እያወጣ ይመረምራቸው ጀመር፤ የታመመ ሰው የት የት ጋ እንደሚያመው ለማወቅ ሰውነቱን እንደሚዳብሰው። አብዛኛውን ያየው እዚያው ቪዲዮ ቤት ነው፣ መግቢያው የሁለት ዳቦ ዋጋ በነበረ ጊዜ። አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ማይክ ይዞ የሚቀመጥ «ሬዲዮ» የሚባል ሰው። ፊልሞቹ ማንም በማያውቀው ቋንቋ ናቸው፤ ሬዲዮ ነው የሚተረጉመው። ሴትም ሲሆን፣ ሽማግሌም ሲሆን፣ ሲያለቅስም ሲስቅም ያው የሬዲዮ ድምፅ ነው፤ ትንሽ ከቆየህ ግን ድምፁ ይጠፋና ተዋናዩ ራሱ የሚያወራ ይመስልሃል። ስለዚህ፣ አለ ጥርስ ሠሪው በልቡ፣ ማንም ያልተናገረባቸው ቦታዎች ብቻ ናቸው የሚታመኑት።

አጭሩ ቀልደኛ የብረት መታጠቢያ ገንዳ ተሸክሞ አምስት ፎቅ የሚወጣበት አለ፤ ገንዳው በየፎቁ ከሰው በር ጋር ይላተማል፣ ሰው ይወጣል፣ ቀልደኛው ገንዳውን እንደተሸከመ ባርኔጣውን ሊያነሳ ይሞክራል። ይህ ትርጉም አይፈልግም፤ ዳነ። ወፍራሙ ዳኛ ፍርዱን ከማንበቡ በፊት መነጽሩን አውልቆ በከረባቱ የሚጠርግበት አለ፤ ይጠርገዋል፣ ይጠርገዋል፣ ከዚያ መልሶ ሳያደርገው ያነባል፣ የተከሳሹን ፊት ላለማየት። ይህም ዳነ፤ ምን እንደፈረደ ግን አሁን እርግጠኛ አይደለም። ከሁሉም የሚወዳት ብርቱካን የምትልጠዋ ተዋናይት ናት። አንድ ሰው በር ላይ ይመጣል፣ አንድ ነገር ይነግራታል፣ ይሄዳል። ልጇ መሞቱን ነው የነገራት። እሷ ተመልሳ ተቀምጣ የጀመረችውን ብርቱካን ልጣጩ ሳይቆረጥ እስከ ታች ትልጠዋለች፤ ሳህን ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ሁለተኛ ታነሳለች። ስድስት ብርቱካን። ያን ቀን ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ የሳለ ሰው አልነበረም። ግን ልጇ መሞቱን ለእነሱ የነገራቸው ማን ነው? ሬዲዮ ነው። ሰውዬው የውሃ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሊሆን ይችላል። ጥርስ ሠሪው መንገድ ሊሻገር ቆሞ ይህን አሰበበትና፣ ቆጣሪ ላነበበ ሰው ማንም እንዲህ ብርቱካን አይልጥም ብሎ ተሻገረ።

ለዚህች ተዋናይት ውለታ ውሎላታል። ሥራው ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው፤ ሐኪሞቹ የታካሚውን አፍ ልክ ይልኩለታል፣ እሱ ከኋላ ክፍል ተቀምጦ ሰም እያቀለጠ፣ እየሞረደ ጥርስ አድርጎ ይመልስላቸዋል። የፊት ስድስት ጥርስ የሚያሠሩ ሴቶች ሲመጡ፣ ፊታቸው የሚችለው ከሆነ፣ የእሷን ይሠራላቸዋል፤ በግራ በኩል ያለችውን ትንሽ ዘንበል ያለች ጥርስ ጭምር። በዚህች ከተማ ውስጥ አራት ሴቶች የዚያችን ተዋናይት ፈገግታ ይዘው ይሄዳሉ። አንዷ የቀበሌ ገንዘብ ተቀባይ ናት፤ ፈገግ ብላ አታውቅም።

ቪዲዮ ቤቱ የመታጠቢያ ቤት ዕቃ መሸጫ ሆኗል። ቴሌቪዥኑ የነበረበት ቦታ ላይ ነጫጭ የእጅ መታጠቢያዎች በሦስት ረድፍ ተደርድረዋል፤ ሁሉም ላይ ዋጋ ተለጥፏል፣ ሁሉም ላይ ዋጋው ተሰርዞ ሌላ ዋጋ ተጽፏል። ሻጯ ሬዲዮን ታውቀዋለች። ከፋርማሲው ጀርባ ባለው ላውንድሪ ቤት ልብስ እንደሚተኩስ ነገረችው፤ ቧንቧም ያስፈልገው እንደሆነ ጠየቀችው።

ላውንድሪ ቤቱ ጠባብ ነው፤ ጣሪያው በተንጠለጠሉ ልብሶች ስለተሸፈነ ሰው አጎንብሶ ነው የሚገባው። ግድግዳው ላይ «ሸሚዝ 12፣ ሱሪ 15፣ ኮት 25፣ መጋረጃ በስምምነት» ይላል። ሰባውን ያለፈ ሰውዬ የእንፋሎት ካውያ ይዞ ሸሚዝ ላይ አጎንብሷል።

«ደረሰኝ» አለ ቀና ሳይል።

«ልብስ ልወስድ አይደለም። እርስዎ ሬዲዮ ነዎት?»

«ነበርኩ።»

ድምፁ ያው ነው። ጥርስ ሠሪው ከዚህ ድምፅ ጋር አውርቶ አያውቅም፤ ሲሰማው ብቻ ነው የኖረው። ከዚያ ፊልሙን ነገረው፤ ዝናቡን፣ በሩን፣ ጆሮውን። ሬዲዮ ኮሌታውን ተኩሶ እስኪጨርስ አሰበ።

«አስታወስኩት። ጥሩ ተዋናይ ነበር ያ ሰውዬ።»

«ፖሊስ ነው።»

«እንዴ!» አለ ሬዲዮ ከልቡ ደንግጦ። «እኔ እኮ ሁልጊዜ የደግ ሰው ፊት ነበር የሚመስለኝ።»

«ቋንቋውን አያውቁትም ነበር?»

«ሦስት ቃል አውቅ ነበር። ‹አዎ›፣ ‹አይደለም› እና ‹ውሃ›። ውሃ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ደስ ይለኝ ነበር፤ እሱን በእርግጠኝነት ነበር የምተረጉመው።»

«ታዲያ ወንድማማቾች ናቸው ለምን አሉ?»

«ወንድማማቾች አልኩ? የስንት ሰዓቱን ነው ያዩት?»

«የአስር ሰዓቱን።»

«እንግዲህ...» አለ ሬዲዮ፣ ሸሚዙን እየገለበጠ። «የስምንት ሰዓቱ ላይ አባትና ልጅ ነበሩ መሰለኝ። የአሥራ ሁለቱ ላይ ጓደኛሞች። በቀን ሦስት ጊዜ አንድ ነገር ማውራት ይሰለቻል ወንድሜ።»

ጥርስ ሠሪው ያቺን ንግግር ጮክ ብሎ አላት። በሕይወቱ ለሁለተኛ ጊዜ ነው የሚናገራት። ሬዲዮ እንዲደግምለት ጠየቀው፤ ደገመለት። ሽማግሌው «ይህን እኔ ነኝ ያልኩት?» አለ፣ ፊቱ ትንሽ ወዝ እያወጣ። «መጥፎ አይደለም እኮ።» ከየት እንዳመጣት ግን አያስታውስም፤ ወንድምም የለውም፣ አምስት እህቶች ናቸው ያሉት። ቀጥሎ ጥርስ ሠሪው ያቺን ቃል ይዞ የት እንደሄደ ሲነግረው ካውያውን ከሸሚዙ ላይ አንስቶ በቁሙ አስቀመጠው።

«ሰው የሰማውን ይዞ ሄዶ ይኖርበታል እንዴ?» አለ። «አምና አንዲት ሴትዮ መጥታ ነበር። አንዷ ተዋናይት ‹ዕቃዬን አልወስድም፣ እግሬን ብቻ ነው የምወስደው› ስትል ሰምቼ ከባሌ ቤት ወጣሁ አለችኝ። ልታመሰግነኝ ይሁን ልትመታኝ አልገባኝም። የሆነ ሆኖ ጉርድ ቀሚስ ተኩሼ ሰጠኋት። ገንዘብ አልተቀበልኳትም።»

«ለወንድሜ ልንገረው?»

«እኔ ብሆን አልነግረውም» አለ ሬዲዮ። ትንሽ ቆይቶ «ግን እኔ ውሸታም ነኝ» ብሎ ካውያውን አነሳ።

ታናሹ ሶፋ ያለብሳል። ቤቱና ሥራ ቦታው በአንድ በር ነው የሚገባባቸው፤ ከፊት ስፖንጅ፣ ጨርቅና ስፕሪንግ፣ ከጀርባ ጓዳና መኝታ። ጥርስ ሠሪው ሲደርስ ስምንት ሰዓት አልፏል። ታናሹ ትናንሽ ምስማሮች በከንፈሩ ይዞ የአንድ ሶፋ ጀርባ ላይ ይመታል፤ በጭንቅላቱ ወንድሙን እንዲቀመጥ አመለከተው። ጥርስ ሠሪው ገና ጨርቅ ያልለበሰ ሶፋ ላይ ተቀመጠ፤ ስፕሪንጉ ከሥሩ ጮኸ። የታናሹ ሚስት ከጓዳ ሆና «ጋሼ ነህ? ምሳ በልተሃል?» አለች፤ በልቻለሁ ብሎ ዋሸ። ወንድማማቾቹ ሲገናኙ ብዙ አያወሩም፤ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ያያል፤ ሲመሽ ይሰነባበታሉ። ዛሬ ግን ታላቁ ኮቱን አላወለቀም።

«አንድ ነገር ልነግርህ ነው የመጣሁት» አለ።

ታናሹ ምስማሮቹን ከአፉ አውጥቶ እጁ ላይ ያዛቸው።

ነገረው። ፊልም ማየቱን፣ ቃሉን ከዚያ መውሰዱን፣ ዛሬ ጠዋት የሆነውን፣ ላውንድሪ ቤቱን፤ ሁሉንም፣ ሳይቸኩል። ታናሹ ፊቱ አልተለዋወጠም፤ ግራ የገባው ይመስላል።

«የቱ ቃል?» አለ።

«ያ በር ላይ ቆሜ ያልኩህ። የታረቅን ቀን።»

«ጋሼ፣ ያን ቀን የጣለው ዝናብ እኮ ነው። ቆርቆሮውን ሲደበድበው እዚህ ቤት ውስጥ የራሴን መዶሻ አልሰማም ነበር። በሩን ስከፍት ከንፈርህ ሲንቀሳቀስ አየሁ። አክስታችን ሞታ ልታረዳኝ የመጣህ ነው የመሰለኝ፤ ታማ ነበር። ግባ አልኩህ። ከገባህ በኋላ ማንም እንዳልሞተ ገባኝ፤ አንተ ግን ተቀምጠሃል፤ ሚስቴም ፎጣ ሰጥታሃለች። ምን አደርጋለሁ?»

ከጓዳ የሚታጠብ ሳህን ድምፅ ይሰማል።

«ለመሆኑ ምን ነበር ያልከኝ?» አለ ታናሹ።

ለአራተኛ ጊዜ ተናገራት። ከስፖንጅና ከማጣበቂያ ሽታ መሃል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቃሏ ትንሽ አጠረችበት። ታናሹ መዶሻውን እያገላበጠ አዳመጠ።

«ጥሩ ነው» አለ በመጨረሻ። «ሰምቼው ቢሆን ኖሮ ግን በሩን እዘጋብህ ነበር። የፊልም ወሬ ነው የሚመስለው።»

ከዚያ ታናሹ፣ ታላቁ ያልጠበቀውን ነገር ተናገረ። እሱም ተዘጋጅቶ ነበር። ታላቁ አንድ ቀን ይመጣል ብሎ፣ በመጣ ቀን የሚለውን ቃል በቃል በራሱ ውስጥ ጽፎ፣ ሶፋ እየመታ አራት ዓመት ሲያጠናው ኖሮ ነበር። ታላቁ በመጣ ጊዜ የሞተ ሰው ያለ መስሎት ሳይናገረው ቀረ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ቦታ አልነበረውም።

«ምን ነበር?»

«ስድብ ነው።»

«በለኝ።»

«ተው ጋሼ፣ ሽበት አብቅለን።»

«በለኝ አልኩህ።»

ታናሹ ምስማሮቹን ቆርቆሮ ውስጥ ከተተ፤ እጁን በሱሪው ጠረገ፤ የቱታውን የላይኛ ቁልፍ ቆለፈ። ሲናገር ታላቁ ሰምቶት በማያውቀው፣ በወጣት ድምፅ ነበር።

«አንተ ታላቅ ተብዬ! ታላቅ ማለት ቀድሞ የተወለደ ማለት ከሆነ ቤታችን የነበረችው ድመት ትበልጠኛለች፤ እሷ ግን ማታ ማታ ትመጣ ነበር። አባታችን ሲሞት ‹ለታናሽህ አባት ሁንለት› አለህ፤ አንተ ተመልካች ሆንከኝ። እኔ ማዘጋጃ ቤት ቆሜ ‹ምስክርህ የታል?› ሲሉኝ ‹እየመጣ ነው› አልኩ። ሁለተኛ ሲጠይቁኝ ‹እየመጣ ነው› አልኩ። ሦስተኛ ላይ ጥበቃውን ጠሩልኝ። ጥበቃው ስሜን ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። ሲፈርም እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ለማያውቀው ሰው እጁ ተንቀጠቀጠ! ያንተ እጅ የት ነበር? የማይነካህን ሰው ለማየት በጨለማ ውስጥ ቲኬት ይዞ ነበር። ይቺ ልጅ ‹ወንድምህ ሳይመጣ አንሄድም› እያለች በር በሩን ስታይ...»

ቆመ። ግንባሩን አሸ።

«አበባዬ» ብላ አስታወሰችው ሚስቱ ከጓዳ።

«በር በሩን ስታይ አበባዋ እጇ ላይ ጠወለገ። እኔ ላንተ አላዘንኩም፤ ለአበባው ነው ያዘንኩት። ከእንግዲህ ወንድም አለህ ወይ ብለው ቢጠይቁኝ አዎ፣ ማዘጋጃ ቤት በር ላይ ይቆማል፣ ዩኒፎርም አለው እላለሁ። አሁን ሂድ። ፊልምህ ይጀምርብሃል።»

ውጭ መኪና አለፈ። ጥርስ ሠሪው ስፕሪንጉ ላይ እንደተቀመጠ አልተንቀሳቀሰም። የተባለው ሁሉ እውነት ነው፣ አንዱም ሳይነካው አላለፈም። ግን ደግሞ ስልሳ አምስት ዓመት ኖሮ፣ ከዚያ ውስጥ ሃምሳውን ሲያይ ኖሮ፣ «ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ» ሲል ታናሹ ድምፁን ዝቅ ያደረገበትን አደራረግ የሚያህል አይቶ አያውቅም። አድናቆቱን ሊደብቅ አልቻለም።

ታናሹ መዶሻውን ፈልጎ አነሳ። ምስማር ሊያነሳ ጎንበስ ብሎ፣ ወደ ታላቁ ሳያይ፣ «እንዴት ነው?» አለ።

«መሃል ላይ ቸኩለሃል።»

«የት ጋ?»

«‹ሦስተኛ ላይ› ካልክ በኋላ። እዚያ ጋ ዝም ማለት ነበረብህ።»

ታናሹ አሰበበት። «ሳጠናው እዚያ ጋ አንድ ምስማር እመታ ነበር» አለ።

«ታዲያ ምታዋ።»

ታናሹ ምስማሯን ሶፋው ጀርባ ላይ አቆማት፤ መዶሻውን አዘጋጀ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። ሚስቱ እጇን በፎጣ እየጠረገች ከጓዳ ወጣች፣ ታላቁን በክርኗ ገፋ አድርጋ ስፕሪንጉ ላይ ከአጠገቡ ተቀመጠች።